«አይፓድ 11» የትኛው ነው? ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ታብሌት መግዛትን በተመለከተ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከቤት እየተመላለሰች ትማራለች፤ ወደፊት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ማጥናት ትፈልጋለች። ማስታወሻ የምትይዝበትና መጻሕፍት የምታነብበት ታብሌት ልገዛላት አስቤ መገናኛ አካባቢ ሁለት ሱቆች ጠየቅሁ። ሁለቱም ‹አይፓድ 11፣ አዲሱ ጄኔሬሽን› እያሉ ያሳዩኛል፤ ነገር ግን የአንዱ ዋጋ የሌላውን እጥፍ ያልፋል። ውዱን የሚሸጠው ሰው ‹5ጂ አለው፣ ኤአይ አለው፣ ይህን ከያዘች ላፕቶፕ አያስፈልጋትም› ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹በዚህ በጥቅምት አዲስ ወጥቷል፤ ትንሽ ብትታገስ የበፊቱ ይረክሳል› አለኝ። ቤታችን ዋይፋይ የለም፤ መብራትም በየጊዜው ይጠፋል። በእጄ ያለው ገንዘብ ለውዱ ይበቃል፤ ሌላ ግን የለኝም። ርካሹ ፎርጅድ ይሆን? ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?»

ምላሽ፦ ርካሹ ፎርጅድ ስለ መሆኑ ከዋጋው ብቻ ተነሥቶ መናገር አይቻልም፤ ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ግን ሁለቱ ሱቆች ያሳዩዎት አንድ ዓይነት ዕቃ አለመሆኑ ነው። አፕል «አይፓድ 11» ብሎ የሰየመው ምርት የለም። በእኛ ገበያ በዚህ ስም የሚጠሩት ቢያንስ ሦስት መሣሪያዎች ናቸው። አንደኛው የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ይፋ ሆኖ መጋቢት 3 ለሽያጭ የቀረበው መደበኛው አይፓድ ሲሆን፣ አምራቹ በውስጡ ባለው ፕሮሰሰር «አይፓድ ኤ16» ይለዋል፤ ከአሥረኛው ትውልድ ቀጥሎ ስለ መጣ ነጋዴው «አሥራ አንደኛ» ብሎ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው በዚያው ቀን ይፋ የተደረገው፣ ኤም3 ፕሮሰሰር ያለው ባለ 11 ኢንቹ አይፓድ ኤር ነው። ሦስተኛው ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ተነግሮለት ከሳምንት በኋላ መሸጥ የጀመረው ባለ 11 ኢንቹ አይፓድ ፕሮ ኤም5 ነው። በመጀመሪያው ላይ 11 የትውልድ ቁጥር ነው፤ በሌሎቹ ሁለቱ ላይ የስክሪን ስፋት ነው። ግራ መጋባቱን የሚያብሰው ደግሞ አፕል የመደበኛውንም ስክሪን 11 ኢንች ማለት መጀመሩ ነው፤ ትክክለኛ ልኬቱ ግን 10.86 ኢንች ሲሆን፣ ይህም ቀድሞ 10.9 ይባል ከነበረው ከአሥረኛው ትውልድ ስክሪን ጋር አንድ ነው። ስክሪኑ አላደገም፤ ያደገው በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው።

በአሜሪካ የሦስቱ መነሻ ዋጋ ሲወጡ በቅደም ተከተል 349፣ 599 እና 999 ዶላር ነበር። ሴሉላር፣ ማለትም የሞባይል ኔትወርክ መቀበያ፣ የተጨመረበት ኤር 749 ዶላር ነበር። ስለዚህ ውዱ ሱቅ 5ጂ አለው ብሎ ያሳየዎት ሴሉላር ኤር፣ ሌላው ደግሞ ዋይፋይ ብቻ ያለው መደበኛው አይፓድ መሆኑን መገመት ይቻላል፤ ከእጥፍ ያለፈው የዋጋ ልዩነትም በዚሁ ይገለጻል። ባልደረባዎ «በጥቅምት ወጣ» ያሉትም እውነት ነው፤ የወጣው ግን ፕሮው ነው። እርሱ መምጣቱ እርስዎ ለሚያመዛዝኑት ለመደበኛውም ሆነ ለኤሩ ምትክ አላመጣም።

አዲሱ መደበኛ አይፓድ ከቀድሞው በምን ይለያል ቢባል፣ መልሱ አጭር ነው። መነሻ ስቶሬጁ (ፋይል የሚቀመጥበት ቦታ) ከ64 ወደ 128 ጊጋባይት፣ ራሙ (በሥራ ላይ ያሉ መተግበሪያዎችን ለጊዜው የሚይዘው ክፍል) ከ4 ወደ 6 ጊጋባይት አድጓል፤ ፕሮሰሰሩም ከኤ14 ወደ ኤ16 ተቀይሯል። አካሉ፣ ስክሪኑና የዩኤስቢ ሲ ማስገቢያው በዋናው ነገር ያው ናቸው። ኤ16 ራሱም እ.ኤ.አ. በ2022 በአይፎን 14 ፕሮ የወጣ ፕሮሰሰር ሲሆን፣ አይፓዱ ላይ የተገጠመው ከዚያ ጥቂት የተቀነሰለት ነው። ይህ ለማስታወሻ መያዣ፣ ለፒዲኤፍ ንባብና ለቪዲዮ ትምህርት ከበቂ በላይ ነው። ሆኖም ባለ 64 ጊጋባይቱን አሥረኛ ትውልድ በቅናሽ ቢያገኙ እንኳ አልመክርዎትም፤ አይፓድ ሚሞሪ ካርድ ስለማይቀበል፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቤት ቪዲዮና መጻሕፍት አውርዳ የምታስቀምጥ ተማሪ ያንን ቦታ ቶሎ ትጨርሰዋለች።

ኤሩ በእርግጥ የተሻለ መሣሪያ ነው። ፕሮሰሰሩ ፈጣን ነው፤ ራሙ 8 ጊጋባይት ነው፤ የስክሪኑ መስታወት ከማሳያው ጋር አንድ ላይ የተጣበቀ በመሆኑ በብዕር ሲጻፍበት ቀለሙ ከብዕሩ ጫፍ የሚወጣ ይመስላል። በመደበኛው ላይ በመስታወቱና በማሳያው መካከል ቀጭን ክፍተት ስላለ የለመደ እጅ ልዩነቱን ያውቀዋል። ይኸው ክፍተት ግን ሻጮች የማይነግሩት ጥቅም አለው። የመደበኛው መስታወት ቢሰበር ማሳያው እስካልተነካ ድረስ መስታወቱን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ የኤሩ ሲሰበር ግን መስታወትና ማሳያ አብረው ይቀየራሉ፤ የጥገናው ወጪም በዚያው ልክ ይከብዳል። አፕል በኢትዮጵያ የራሱ መደብር ስለሌለው፣ በየቀኑ አውቶቡስ ተጋፍታ ለምትሄድ ተማሪ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሻጩ «ኤአይ አለው» ያለው አፕል ኢንተለጀንስ የተባለውን አገልግሎት ከሆነ፣ ኤሩ ይቀበለዋል፤ መደበኛው አይቀበለውም። ነገር ግን ይህ አገልግሎት አማርኛን አይደግፍም። በእጅ የተጻፈን ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር ፊደል የሚለውጠው የአይፓድ መሣሪያም እንዲሁ አማርኛን አያውቅም፤ በአማርኛ የያዘችው ማስታወሻ እንደ ሥዕል ይቀመጣል እንጂ ቃል ፈልጋ ልታገኝበት አትችልም። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ይህ ያን ያህል አይጎዳትም፤ ኤአይን ለማግኘት ሲባል ተጨማሪ 250 ዶላር መክፈል ግን ምክንያት የለውም። በጽሑፍም ሆነ በጥያቄ የሚያግዙ የኤአይ መተግበሪያዎች በመደበኛውም ላይ በኢንተርኔት ይሠራሉ።

ዋናው ስሕተት «ላፕቶፕ አያስፈልጋትም» የሚለው ነው። ይህ አባባል ምናልባት የመነጨው መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከወጣው የአይፓድ ሲስተም፣ ከአይፓድኦኤስ 26፣ ሊሆን ይችላል፤ በእርሱ ብዙ መስኮቶችን እንደ ኮምፒውተር ከፍቶ መጠናቸውን እያስተካከሉ መሥራት ይቻላል፤ በነገራችን ላይ መደበኛው አይፓድም ይህን ያገኛል። ነገር ግን የመስኮቶቹ መብዛት ታብሌቱን የዊንዶውስ ኮምፒውተር አያደርገውም። የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሚሠሩባቸው የሕንፃ ስሌትና ንድፍ ሶፍትዌሮች፣ ኢታብስ፣ ሳፕ 2000 እና ሬቪት፣ በዊንዶውስ ላይ እንጂ በአይፓድ ላይ አይጫኑም፤ ይህም የዋጋ ጉዳይ ስላልሆነ በውዱ ፕሮ ላይም አይቻልም። የፕላን መሣያው አውቶካድ ለታብሌት የተዘጋጀ ቅጂ አለው፤ ፕላን ከፍቶ ለማየት፣ ለመለካትና ቀላል እርማት ለማድረግ ያገለግላል፤ ሙሉውን የኮምፒውተር ቅጂ ግን አይተካም። ልጅዎ በመጀመሪያ ዓመቷ የጋራ ኮርሶችን ስለምትወስድ አሁን እነዚህ ሶፍትዌሮች አያስፈልጓትም። ወደ ትምህርት ክፍሏ ስትገባ ግን ያስፈልጓታል። ገንዘብዎን በሙሉ በአንድ ታብሌት ላይ ካፈሰሱ ያን ጊዜ ባዶ እጅዎን ይቀራሉ።

ስለ 5ጂ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። በርካሽ ታብሌቶች ካርቶን ላይ «5ጂ» ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የሞባይል ኔትወርክ ሳይሆን በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ዋይፋይ ነው፤ ሲም የማይቀበል ታብሌት በዚህ ስም ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። እውነተኛው ሴሉላር አይፓድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አዲሶቹ መደበኛና ኤር አይፓዶች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚቀበሉት ኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይኖረው በመሣሪያው ውስጥ የሚጫን ሲም፣ ብቻ ነው። ስለዚህ ከስልክዎ አውጥተው የሚከቱት ሲም አይኖርም፤ ቴሌኮም ድርጅቱ ዘንድ ሄዶ ለታብሌቱ የሚሆን ኢሲም ማውጣትና ሌላ ፓኬጅ መግዛት ግድ ይላል። ለዚህ ሁሉ 150 ዶላር ተጨማሪ ከመክፈል ከስልኳ ሆትስፖት መክፈት ይቀላል። ሴሉላሩ የሚሰጠው፣ ሆትስፖት የማይተካው አንድ ነገር ጂፒኤስ ነው፤ ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ ጂፒኤስ የለውም። ለቅየሳና ለመስክ ሥራ የሚፈልገው ሰው ይኖራል፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ግን አይደለችም።

በሆትስፖት ሲጠቀሙ የሚያስፈልግ አንድ ጥንቃቄ አለ። ታብሌቱ በዋይፋይ የተገናኘ ሲመስለው ዳታ እንደ ልብ ያለ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ፎቶዎችን ወደ አይክላውድ (የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ) ይልካል፤ ብዙ ጊጋባይት የሚመዝን የሲስተም ማሻሻያም ሳይታወቅ ሊያወርድ ይችላል። የወር ፓኬጅ በአንድ ሌሊት አለቀ የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። በዋይፋይ ቅንብሩ ውስጥ ለስልኳ ሆትስፖት «ሎው ዳታ ሞድ» የሚለውን ማብራት፣ አውቶማቲክ ማሻሻያውንም ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ማሻሻያውን በዩኒቨርሲቲው ግቢ ዋይፋይ ባለበት ማውረድ ትችላለች።

አሁን ወደ መጠበቁ እንምጣ። «አዲስ ሲወጣ የበፊቱ ይረክሳል» የሚለው ሐሳብ ሁለት ነገሮችን እንደ እርግጥ ይወስዳል፦ አዲሱ የሚወጣበት ጊዜ እንደሚታወቅ፣ ቅናሹም እኛ ገበያ እንደሚደርስ። ሁለቱም አስተማማኝ አይደሉም። መደበኛው አይፓድ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ቀጥሎ በ2022 ጥቅምት ላይ ወጣ፤ ከዚያ ግን እስከ 2025 መጋቢት ድረስ ሁለት ዓመት ከአራት ወር በላይ ምንም አልመጣም። በ2023 «ትንሽ ልታገስ» ያለ ተማሪ የዲግሪውን ግማሽ ያለ ታብሌት ጨርሷል ማለት ነው። አፕል ቀኑን አስቀድሞ ስለማይናገር፣ «በሚቀጥለው ወር ይመጣል» የሚል ሻጭ ግምቱን እየነገረዎት ነው።

ዋጋውም እዚህ የሚወሰነው በአሜሪካ ቅናሽ ሳይሆን በዋናነት በምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ሒሳብ 349 ዶላር 20 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ዶላሩ በ140 ብር ቢሰላ ያው 349 ዶላር ወደ 49 ሺህ ብር ይጠጋል፤ ይህም ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመርበት ነው። በዶላር ሃምሳ የሚቀነስ ዕቃ በብር ሊጨምር ይችላል። ነጋዴውም ቀድሞ ያስገባውን ዕቃ የሚሸጠው እንደገና ሲያስመጣ በሚያወጣው ሒሳብ እንጂ ባስመጣበት አይደለም። ስለዚህ መጠበቅ የሚያዋጣው ዕቃው የማያስፈልግ ከሆነ ብቻ ነው።

ስለ መብራቱ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ እንዲያውም ታብሌት ከላፕቶፕ የሚሻልበት ቦታ ይህ ነው። አምራቹ በአንድ ሙሊት እስከ 10 ሰዓት ኢንተርኔት ወይም ቪዲዮ እንደሚያሠራ ይገልጻል፤ የስክሪኑ ብርሃን ሲጨምር ይህ ይቀንሳል። ባትሪው 29 ዋት ሰዓት (የተጠራቀመ ኃይል መለኪያ) ገደማ ይይዛል። ባለ 10,000 ሚሊአምፕ ሰዓት ፓወር ባንክ በስሙ 37 ዋት ሰዓት ቢሆንም፣ በሽግግር የሚባክነው ሲቀነስ ታብሌቱን ከባዶ አንድ ጊዜ እንኳ ላይሞላው ይችላል፤ ባለ 20,000ው ግን አንዴ ሞልቶት ለሌላ ግማሽ ይተርፋል። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ስታብላይዘር መግዛት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ በኋላ መሰካት ነው፤ የሚጎዳው ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ነውና። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ቻርጀር ይገጥምዎታል፤ በላላ አዳፕተር እያንጠለጠሉ ከመጠቀም ለእኛ ሶኬት የሚሆን ጥሩ ቻርጀር መግዛት ይሻላል።

ብዕሩን አይርሱ፤ ከአይፓድ ጋር አብሮ አይመጣም። መደበኛው አይፓድ የሚቀበለው የመጀመሪያውን አፕል ፔንስልና የዩኤስቢ ሲውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ትውልድም ሆነ ፔንስል ፕሮ ከእርሱ ጋር አይሠሩም፤ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢል አይቀበሉት። 79 ዶላር የሚሸጠው የዩኤስቢ ሲው ብዕር የእጅን ጫና አይለይም፤ ለሠዓሊ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ካልኩለስ ለሚጻፍበት ማስታወሻ ግን ምንም አይደለም።

ከአፕል ውጭ ማሰብ ከፈለጉ የማመሳክረው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2025 ሚያዝያ የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤስ10 ኤፍኢ። ሲወጣ በአሜሪካ 500 ዶላር ገደማ የነበረ ቢሆንም ብዕሩ ከካርቶኑ ጋር ይመጣል፤ ብዕሩ ለመጻፍ ቻርጅ አይፈልግም፤ ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል፤ ውኃም ይቋቋማል። አይፓዱ ውኃን የመቋቋም ብቃት ስለሌለው፣ በክረምት ታክሲ ስትጠብቅ ቦርሳዋ ቢበሰብስ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። በአንጻሩ ታብ ኤ9 ፕላስን «ብዕር አለው» ብሎ የሚሸጥልዎት ሰው ካለ፣ ያ ብዕር እንደ ጣት የሚነካ ተራ ብዕር ነው፤ መሣሪያው የሳምሰንግን ኤስ ፔን አይቀበልም። ስሙ በማይታወቅ ታብሌት ካርቶን ላይ «12+12 ራም» የሚለውን ደግሞ አይመኑ፤ የተደመረው ቁጥር ከስቶሬጁ የተወሰደ እንጂ እውነተኛ ራም አይደለም።

እንግዲህ የምመክርዎት ይህ ነው። አይጠብቁ፤ ሴሉላሩን ኤርም አይግዙ። ባለ 128 ጊጋባይቱን ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ ኤ16ን ከዩኤስቢ ሲ ብዕሩ ጋር ይግዙ። በአሜሪካው ዋጋ ሁለቱ 428 ዶላር ይሆናሉ፤ ለውዱ ሊያወጡት ከነበረው የሚተርፈው 321 ዶላር ማለት ነው። ይህን ትርፍ ለላፕቶፕ ይያዙት፤ ኮር አይ5 ወይም ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ለኢታብስና ለአውቶካድ የትምህርት ሥራ ይበቃል። ሳይነኩት ለዓመታት ማስቀመጥ ግን አይገባም፤ ብር ሲቀመጥ የሚገዛው እየቀነሰ ይሄዳልና፣ የትምህርት ክፍል ምደባዋ እንደታወቀ ወዲያው ይግዙ። ምደባዋ እነዚህን ሶፍትዌሮች የማይፈልግ ትምህርት ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ በእጅዎ ይቀራል።

ለግዢው ሲሄዱ ልጅዎ ስልኳ ላይ ዳታ ሞልታ አብራዎት ትሂድ። አይፓዱ ታሽጎ ቢሆንም እዚያው ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ፣ በሆትስፖቷ ተገናኝቶ፣ እስከ ዋናው ገጽ ድረስ ይነሣ። አይፓድ ያለ ኢንተርኔት አይነሣም፤ ሲነሣም የሌላ ሰው አካውንት ቢጠይቅ ወይም «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ጽሑፍ ቢያመጣ፣ ዕቃው የተሰረቀ አለዚያም በውጭ አገር የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የድርጅት ንብረት የነበረ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «እናስከፍተዋለን» ቢል እንኳ ይተዉት፤ ሲስተሙ እንደገና በተጫነ ቁጥር ቁልፉ ይመለሳል። ቀጥሎ በሴቲንግ ውስጥ «አባውት» ከሚለው ላይ የሞዴል ቁጥሩን ይመልከቱ። የሚጀምረው ኤም በተባለው የላቲን ፊደል ከሆነ አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው፤ በኤፍ ከጀመረ ታድሶ የተሸጠ፣ በኤን ከጀመረ በምትክ የተሰጠ ነው። የታደሰ ዕቃ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በአዲስ ዋጋ መከፈል ግን የለበትም። እዚያው ያለውን ሲሪያል ቁጥር በአፕል የዋስትና መፈተሻ ገጽ ላይ አስገብተው ዋስትናው መቼ እንደሚያልቅ ይዩ፤ የአምራቹ ዋስትና አንድ ዓመት ነው፤ ከተገዛበት አገር ውጭ ላይሠራ ስለሚችል ግን የሱቁን ዋስትና በማኅተም ያጽፉ። ሲሪያል ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ ይመዝገብ። ይህን ሁሉ ከመክፈልዎ በፊት ለማድረግ የማይፈቅድ ሻጭ ከሆነ ገንዘብዎን ይዘው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።